የቃል መነሻ ድምፅን ለሕፃናት ስለ ማስለመድ

ልጅን ፊደል ማስቆጠር ባገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ሥራ ነው። ሕፃኑ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሳይሳሳት ባፉ የጨረሰ ዕለት አባት ይኰራል፤ እናት እልል ትላለች፤ እንግዳ በመጣ ቍጥርም «እስቲ ለጌቶች ቍጠርላቸው» እየተባለ ሕፃኑ በመካከል ይቆማል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ፊደልን ባፍ መያዝና ፊደልን ማወቅ አንድ አለመሆኑን የምናስተውል ጥቂቶች ነን፤ ብናስተውለውም ብዙውን ጊዜ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ከቈየና ማንበብ ካቃተው በኋላ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከፊደል ገበታው በፊትና ከገበታው ጋራ ለሕፃኑ ጆሮ ሊሰጥ ስለሚገባው ትምህርት፣ ይኸውም አንድ ቃል በምን ድምፅ እንደሚነሣ ለይቶ ስለ መስማት፣ ባየነው ነገር እያስረዳን እንነጋገራለን።

ባለፈው ክረምት ለጉዳያችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ስንሄድ ዝናቡ ስለ በረታብን አምበር ላይ አደርን። ያሳደሩን ሰው በመንግሥት ሥራ የሚኖሩ፣ ንባብ የሚወዱ፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት እጅግ የሚያስቡ ናቸው። ራት ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ስድስት ዓመት የሆናት ልጃቸው ተጠርታ መጣችና ፊደሉን ጀመረች። ድምፅዋ የጠራ፣ ዜማዋም ያማረ ነበር፤ አንዲት ፊደል ሳትዘል ጨረሰች፤ እኛም አመሰገንናት። አባትየው በዚህ ቢበቃቸው መልካም ነበር። እሳቸው ግን የበለጠ ሊያስደስቱን ፈልገው ገበታውን አስመጡና በመካከሉ ያለችውን «ነ»ን በጣታቸው ነክተው «ይህች ማን ናት?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቱ ጣታቸውን አየች፤ ጣራውንም አየች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከሀ ጀምራ መቍጠር ያዘች። «ነ» ዘንድ ከመድረሷ በፊት ዜማው ተደናገረባትና ቆመች።

አባትየው አፈሩ። ነገሩን ለማቃናት ብለውም «እሺ፣ ፊደሉ ይቅር፤ ላም በምን ትጀምራለች?» አሏት። ልጅቱም ያለ ጥርጥር «በቀንዷ» ብላ መለሰች።

እኛ ሣቃችንን መቻል አልሆነልንም፤ ልጅቱ ግን አልሣቀችም፤ አባትየውም አልሣቁም። «ለመስከረም ከእኩዮቿ ጋራ ትምህርት ቤት ላስገባት አስቤ ነበር፤ እንግዲህ ግን አንድ ዓመት ትቈይ፤ እንደምታዩት አልበሰለችም» አሉን። ይህን በሰማች ጊዜ ልጅቱ ሄዳ ከናቷ ጀርባ ተሸሸገች። በሣቃችን የተጸጸትነው ያን ጊዜ ነው።

በውነቱ መልሷን መርምረን ብናየው ስሕተት አልነበረበትም። ሕፃን ላም የሚለውን ሲሰማ በልቡ የምትታየው ቀንድና ጅራት ያላት፣ ወተት የምትሰጠው እንስሳ ናት እንጂ ካፍ የወጣው ድምፅ አይደለም። ያ ድምፅ ራሱን የቻለ ነገር እንደ ሆነ፣ መነሻና መድረሻም እንዳለው ገና ማንም አልነገረውም። እኛ የተማርነው ሰዎች ላም ባልን ጊዜ «ላ» እና «ም» ተጽፈው ስለሚታዩን ነገሩ ለሁሉ የተገለጠ ይመስለናል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ግን፣ ሕፃን ቢሆን ወይም ሽማግሌ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጀመሪያ ሲሰማ ግር ቢለው የሚያስደንቅ አይደለም። የልጅቱ አባት የጠየቁት ስለ ቃሉ ነው፤ እሷ የመለሰችው ስለ ላሚቱ ነው።

በምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ አያት ነበሩ። እኒህ እናት ፊደል አልቈጠሩም። «ልጄን ምን አደረጋችኋት? ላም ስትመጣ አስቀድሞ የሚታየው ቀንዷ አይደለምን? እኔም ብጠየቅ እንዲሁ እል ነበር» አሉ። እኛም ጥያቄው ምን ማለት እንደ ሆነ ገለጥንላቸው፤ «እናታችን፣ ነገሩ ስለ እንስሳዋ አይደለም፤ ላም ስንል ምላሳችን አስቀድሞ የሚያወጣው ድምፅ የትኛው ነው ለማለት ነው» አልናቸው። ላም፣ ላባ፣ ላስቲክ እያሉ ባፋቸው ጥቂት ሞከሩትና «እንግዲያማ ይህ የጆሮ ነገር ነው፤ እኔም እችለዋለሁ» አሉ። ልጅቱንም ጠርተው ከጕልበታቸው ሥር አስቀመጧትና በለመደችው ጨዋታ ጀመሩላት።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ?»

«በምምም የሚነሣ፣ ንብ የሚሠራው።»

«ማር!»

«በምምም የሚነሣ፣ እንጀራ የሚጋገርበት።»

«ምጣድ!»

«በምምም የሚነሣ፣ በሬዎች የሚጐትቱት።»

አያትየው በልባቸው የያዙት ሞፈር ነበር፤ ልጅቱ ግን «ማረሻ» አለች። ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና ተቀበሏት። አራተኛው እንቆቅልሽ በጠፋባት ጊዜ ግን እንደ ጨዋታው ሥርዐት «አገር ስጪኝ» አሏት፤ ነገር ግን አገሩም በዚያው ድምፅ የሚነሣ እንዲሆን አዘዟት። ልጅቱ ጎንደርን ልትሰጥ ጀምራ ተወችና ጥቂት አስባ «ሞጣ» አለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ስኒ ቡና ጠጥተን ሁለተኛውን ገና አልጨረስንም ነበር።

አንባቢዎቻችን በየቤታቸው ሊሠሩበት እንዲችሉ የዚህን ነገር አካሄድ በዝርዝር እንጻፍ።

አያትየው በ«ም» የጀመሩት ምናልባት ሳያስቡት ይሆናል፤ አጀማመራቸው ግን ትክክል ነው። ካማርኛ ድምፆች አንዳንዶቹ፣ ማለት ም፣ ስ፣ ሽ፣ ን፣ ል፣ ፍ፣ ዝ፣ እስትንፋስ እስኪያልቅ ድረስ ሊጐተቱ ይቻላል፤ «ምምምማር»፣ «ስስስሳር»፣ «ፍፍፍፍየል» እየተባለ መነሻው በጆሮ ላይ እንዲቈይ ማድረግ ቀላል ነው። ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ፣ ጥ፣ ቅ ግን ብቅ ብለው ወዲያው የሚጠፉ ስለ ሆኑ ሊጐተቱ አይቻልም፤ እነዚህን «ብ፣ ብ፣ በሬ» እያሉ መደጋገም ይሻላል፤ ተራቸውም ከፊተኞቹ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። «ም»ን የሚያስመርጥ ሁለተኛ ምክንያት ደግሞ አለ። ስትነገር ከንፈር ስለሚገጥም ሕፃኑ በጆሮው የሚሰማውን በዓይኑም ያየዋል። እጁን በናቱ ከንፈር ላይ አድርጎ ማር፣ ምጣድ፣ መሶብ ስትል ሦስቱንም ጊዜ ከንፈሯ ሲዘጋ ቢያገኘው ቶሎ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር የፊደላችን ጠባይ ነው። የኛ ፊደል እያንዳንዱ ከድምፅ መነሻው ጋራ አናባቢውን አንድ አድርጎ ይዟል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ልጅ ጆሮ በመጀመሪያ የሚይዘው «ማ»ን እንጂ ብቻዋን «ም»ን አይደለም። እንግዲህ አስቀድሞ ማር፣ ማታ፣ ማሽላ፣ ማድጋ የሚሉትን፣ መነሻቸው ፈጽሞ አንድ የሆኑትን ቃላት ማጫወት ይገባል። ይህ ሲለመድ ነው ማርንና ሙቀጫን ጐን ለጐን አቁሞ «እነዚህስ ዘመድ አይደሉምን?» ማለት የሚገባው። ብዙ ሕፃናት «አይደሉም» ይላሉ፤ እነሱም እውነት አላቸው፤ «ማ» እና «ሙ» ባፍም በጽሕፈትም ልዩነት አላቸውና። ይህች ሁለተኛይቱ ደረጃ ጊዜ የምትጠይቅ ስለ ሆነች ወላጅ ሊቸኵል አይገባም። በደቡብ ህንድ የካነዳ ቋንቋ የሚጻፍበት ፊደል መነሻውንና አናባቢውን በማጣመር የኛን ይመስላል፤ በዚያ አገር ልጆች ላይ በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፣ ልጆቹ ፊደሉን ሁሉ ለማወቅ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅባቸውና ነጠላውን ድምፅ ለይቶ መስማትም በዝግታ እንደሚመጣላቸው አሳይቷል። እኛም በየቤታችን ብናስተውል ይህንኑ እናያለን።

በሌላ በኩል ደግሞ የኛ ልጆች የታደሉበት ነገር አለ። በእንግሊዝ ፊደል «ደብልዩ» እና «ኤች» የሚባሉትን ብንወስድ የፊደሉ ስም ሌላ፣ በንባብ ውስጥ የሚሰጠው ድምፅ ሌላ ነው፤ ሕፃኑም ሁለቱን ለየብቻ ማጥናት ግድ ይሆንበታል። የኛ ፊደል ግን ስሙ ራሱ ድምፁ ነው። «ሙ»ን የሚያውቅ ልጅ የሙቀጫን መነሻ ዐወቀ ማለት ነው፤ የሚቀረው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማስተዋል ብቻ ነው።

በዚያች ሌሊት አያትየው ሲደክማቸው ገበታው እንደ ገና ወጣ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ልጅቱን ማንም «ቍጠሪ» አላላትም። ከጓዳ ሰባት ፍሬ ባቄላ ተሰጣትና የ«መ»ን መሥመር አሳየናት፤ ከዚያ እሷ ቃል በጠራች ቍጥር በሚገባው ፊደል ላይ ባቄላ እንድታስቀምጥ ሆነ። ለመሶብ በ«መ»፣ ለሙቀጫ በ«ሙ»፣ ለሚጥሚጣ በ«ሚ»፣ ለማር በ«ማ»፣ ለሜዳ በ«ሜ»፣ ለምጣድ በ«ም»፣ ለሞፈር በ«ሞ»። ሜዳን እናቷ ረድታታለች፤ ሙቀጫን ግን ራሷ ከጓዳው በር ላይ አይታ አገኘችው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱም ቤት በባቄላ ሲሞላ ልጅቱ መሥመሩን ዝም ብላ ተመለከተችና «ሁሉም ምምም ናቸው» አለች። ያን ጊዜ ባሏን ተመልክታ የሣቀችው እናቲቱ ናት።

ቀጥሎ ያለው ጨዋታ «እንግዳው ማን ነው» የሚባለው ነው። ሦስት ቃል ይጠራል፤ ሁለቱ የአንድ ቤት፣ አንዱ እንግዳ፤ ለምሳሌ ማር፣ ምጣድ፣ ቡና፤ ወይም ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሰፌድ። ነገር ግን በዚህ በኋለኛው ምሳሌ ልጁ «ሰፌድ» ብሎ ቢመልስ አሁንም ስለ ነገሩ ማሰቡ ነው፤ ስንዴና ጤፍ እህል ናቸውና። እንዲህ ያለው ሦስትዮሽ የልጁ ጆሮ መስማቱን ለማወቅ እጅግ ይጠቅማል፤ ለጀማሪ ግን ይከብዳል።

ቃላቱን የሚመርጥ ወላጅ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ወጥመዶች አሉ፤ የመጀመሪያውንም የሰጠችን ራሷ አምበር ናት። ልጅቱ በደስታዋ የከተማዋን ስም መነሻ ልትነግረን ፈልጋ ብዙ ጊዜ ባፏ ደጋገመችው፤ ምንም የሚጨበጥ አላገኘችም። ምክንያቱም አምበር የምትነሣበት «አ» በከንፈርም በጥርስም የማትያዝ፣ ወዲያው ወደ አናባቢዋ የምትቀልጥ ድምፅ ስለ ሆነች ነው። ከዚህም በላይ ሰዎች ሲናገሩ «ባምበር»፣ «ካምበር»፣ «ያምበር ሰው» ስለሚሉ መነሻዋ ፈጽማ ትጠፋለች። እንግዲህ የዚህች ከተማ ልጆች ባገራቸው ስም ከመጀመር ይልቅ በጎረቤቶቻቸው በሉማሜና በደጀን ቢጀምሩ ይቀናቸዋል ማለት ነው። አምበር፣ አማኑኤል፣ እናት፣ ዓይን የሚሉት ቃላት በመጨረሻ ይቈዩ።

ይህ ነገር በ«አ» ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ያማርኛ ቃል በንግግር ውስጥ ብቻውን የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የቤት፣ ለቤት፣ ከቤት ሲባል ሕፃኑ አስቀድሞ የሚሰማው ይ፣ ል፣ ክ ነው። ስለዚህ ቃሉን ራቁቱን መጥራት ያስፈልጋል። ግሥም እንዲሁ ነው፤ ይበላል፣ ትበላለች፣ እበላለሁ ሲባል መነሻው ይለዋወጣልና «በላ»፣ «መጣ»፣ «ሮጠ» በሚለው መልኩ ብቻ መጠየቅ ይገባል። የ«ረ» ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ርግብ ብለን እንጽፋለን፤ ስንናገር ግን ብዙዎቻችን እርግብ እንላለን፤ ስለዚህ ልጁ «በእ ይነሣል» ቢል የሰማውን ተናገረ እንጂ አልተሳሳተም። ጾምን ጦም፣ ፀሐይን ጠሐይ በሚሉ ሰዎች መካከል ያደገ ልጅም በ«ጥ» ይነሣል ቢል እንዲሁ ነው። ይህን በቍጣ ማቅናት ልጁ ጆሮውን እንዳያምን ያደርገዋል።

ት እና ጥ፣ ክ እና ቅ፣ ች እና ጭ ደግሞ ባፍ ውስጥ ስፍራቸው አንድ ስለ ሆነ ሕፃናት ያምታቷቸዋል፤ ሁለቱን በተከታታይ ቀን ማስተማር አይገባም። ከበረ እና ቀበረ በመነሻቸው ብቻ የሚለዩ ቃላት ናቸው፤ አንደኛውን ለወዳጃችን የምንመኘው ሁለተኛውን ግን የማንመኝለት ስለ ሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ልጆች ሁሉ የሚወዱት ኳስም ከነጓደኛ በ«ከ»ና በ«ገ» ዘመዶች ዘንድ ይቈጠራል፤ ይህን ግን ቀስ ብለው ይደርሱበታል።

ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚጨነቁ አባቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ሠርግ በንጉሡ «ሠ»፣ ሰው በእሳቱ «ሰ» መጻፉ የዓይን ትምህርት ነው፤ ለጆሮ ሁለቱም አንድ ስለ ሆኑ በዚህ ዕድሜ ላይ ማንሣቱ አይጠቅምም። ቍጥሩን ያሰበ ሰው ደግሞ ይጽናናል። በገበታው ላይ 33 ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ፊደላት ይሆናሉ፤ ለዓይን ይህ ብዙ ነው። ሞክሼዎቹ በየድምፃቸው ሲሰበሰቡ ግን ሐ፣ ኀ፣ ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ስለሚገቡ ለጆሮ የሚቀሩት 27 ብቻ ናቸው። ከነዚህም ኘ በቃል መነሻ ላይ ፈጽሞ እምብዛም አይገኝም፤ ዠ፣ ጰና ፐም የሚነሡባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። እንግዲህ አንድ ሕፃን በሳምንት አንዱን ቤት ቢለምድ በግማሽ ዓመት ውስጥ ሥራው ያልቃል።

አባቶቻችን ይህን ችግር አላወቁትም ማለት አይደለም። ልጅ ሀሁን በዜማ ብቻ ይዞ ፊደሉን ሳያውቅ እንደሚያልፍ ስለ ተረዱት ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያደረጉት። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ቤቱም ቍጥሩም በያንዳንዱ ፊደል ስለሚለወጥ የለመደው ዜማ አይረዳውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስ ይከተላል፤ ከዚያ ዳዊት። የጎጃም ሊቃውንት ደግሞ ቃልን በጆሮ የመመርመር ሥራ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ዋሸራ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የተጠራ ስፍራዎች ናቸው። በግጥም ቤት መምታት ማለት በስንኙ መጨረሻ የሚወድቁትን ፊደላት ማስማማት ነው፤ እኛ ለሕፃናት የምንለው ይህንኑ በቃሉ ራስ ላይ እናድርገው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጐድሎ ነበር ብንል የምንሳሳት አይመስለንም፤ አቡጊዳ ዓይንን ይፈትናል፤ ፊደሉንና ልጁ በቤቱ የሚናገረውን ቃል የሚያገናኘው ግን ጆሮ ነው።

ይህ ነገር የአንዲት ያምበር ልጅ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑም ታውቋል። በ2002 ዓ.ም. ያማራን ክልል ጨምሮ በልዩ ልዩ ክልሎች ባሉ ትምህርት ቤቶች ስለ ንባብ ምርመራ በተደረገ ጊዜ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል እጅግ ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ተገኝተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከገበታ ፊት የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ይህን የሰማ ወላጅ ልጄ ደደብ ነው ከማለቱ በፊት ልጁ የተጠየቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ይገባው እንደ ነበር ቢመረምር ይሻላል።

ከውጭ አገር ደግሞ አንድ ምስክር እንጥራ። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የሚሠሩ ብራድሊና ብራያንት የተባሉ ሁለት ምሁራን፣ ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን ከላይ እንዳልነው በእንግዳው ማን ነው ዐይነት ጥያቄ ፈተኗቸው። ከነዚህም ውስጥ 65 ልጆች መርጠው፣ አንዳንዶቹን በሁለት ዓመት ውስጥ 40 ጊዜ እየጠሩ፣ በሥዕል እያሳዩ ቃላትን በድምፃቸው እንዲለዩ አስለመዷቸው፤ ሌሎቹን ግን እነዚያኑ ሥዕሎች በዐይነታቸው፣ እንስሳን ከንስሳ፣ ዕቃን ከዕቃ ጋራ፣ እንዲያስቀምጡ አደረጓቸው። በ1983 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ተገለጠው፣ ድምፅ መለየት የለመዱት ልጆች በንባብ ቀደሙ፤ ከሁሉ የቀደሙት ግን ድምፁን ከተቀረጸ ፊደል ጋራ አብረው የተማሩት ናቸው። ባቄላውን በገበታው ላይ ማስቀመጥ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። ጆሮና ዓይን በየብቻቸው ከሚማሩ አብረው ቢማሩ ይበልጣል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከቡና በፊት ወይም እጅ ሲታጠብ ያለው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ልጁ ማዛጋት ከጀመረ አልፏል ማለት ነው። ሥራ የሚበዛበት አባት ይህን በየማታው ሊያደርግ ባይቻለው ከፊደል ጋራ ያልተዋወቀችው እናት ወይም አያት ልታደርገው ትችላለች፤ «እኔ ምን ዐውቄ» የሚሉ እናቶች ብዙዎች ስለ ሆኑ ይህን ደግመን እንናገራለን። ልጁን በንግዳ ፊት መፈተን ግን ፈጽሞ ይቅር፤ እኛም እንግዶች ሆነን በአደባባይ መሣቃችን ስሕተት መሆኑን ከላይ ተናግረናል።

በማግሥቱ ጧት ዝናቡ አባርቶ ነበርና ለመሄድ ተነሣን። የቤቱ ጌታ ማታ ስላሉት ነገር ምንም አላነሡም፤ ብቻ ሲሸኙን መንገድ ላይ «ለትምህርት ቤቱ መመዝገቢያ ስንት ቀን ይቀራል?» ብለው ባለቤታቸውን ጠየቋቸው። ልጅቱ ከአያቷ ጋራ ከበሩ ላይ ቆማ ነበርና የት እንደምንሄድ ጠየቀችን። «ወደ ደጀን» አልናት።

«ደጀንን ስጡኝ» አለች።

ሰጠናት። ጥቂት አሰበችና ደግማ ጠራችን።

«ደብረ ማርቆስንም ጨምሩልኝ።»